ዴክላን ያልመለሰው ምት

እና ጉሮሮው ከጣቶቼ ስር ይዘላል፣ ቢንያም፣ የቶርንተኑ ቡድን አጥቂ፣ ከላዩ ተቀምጬበታለሁ፣ ጉልበቴ ደረቱን ተጭኖታል፣ ሳሩ እርጥብ ነው፣ ለመጮህ ይሞክራል፣ አይወጣለትም፣ ይሁን፣ አሁን አፍህ የት ሄደ፣ የቡድናችንን ልጅ ልዑልን በጭንቅላትህ ስትመታው አፍ ነበረህ፣ ኮቻችን ሊገላግል ሲገባ በክርንህ ፊቱን ስትለው ደግሞ ሳቅክ።

ሊገላግል የገባ ሽማግሌ።

አልለቅም።

ከኋላዬ ተው ይሉኛል፣ ባሕሩ ተው፣ ፖሊስ ኮል ተደርጓል፣ ማን እንደሚናገር አላውቅም፣ የማየው ዴክላንን ብቻ ነው፣ የጎሉ ብረት ስር ተቀምጧል፣ ቅንድቡ ተሰንጥቆ ደሙ በነጭ ጢሙ ላይ ይወርዳል፣ አየርላንዳዊው ኮቻችን፣ ከየሥራችን ደክመን ስንመጣ ሜዳ ላይ ቀድሞን የሚገኘው፣ ባለቤቴ ሠርካዲስ እሳቸው የምትለው፣ እኔ ዴክላን ብዬ በስሙ ስጠራው የምትቆጣኝ፣ በወጣትነቱ ያልተጫወተበት ቦታ የለም፣ በቀኝ ተመላላሽነት ጀመረ፣ የግራው ሲጎዳ ግራ፣ አማካይ ሲጠፋ አማካይ፣ አንድ ዓመት አጥቂ፣ በረኛው በቀይ ሲወጣ ጓንት አጥልቆ ሪጎሬ አዳነ፣ ሁለገብ ይሉት ነበር ጋዜጦቹ፣ እሱ ግን ሁለገብ ማለት ማንም የራሱን ቦታ ያልሰጠው ሰው ነው ይላል።

ቢንያም ክንዴን ይቧጭረኛል፣ ቧጭረኝ፣ አጠብቃለሁ።

የዴክላንን እግር ያየ ሰው ይረዳኛል። ከጉልበቱ በታች የተጣመመ ነው፣ እንግሊዝ አገር፣ ኬቨን የሚባል ተከላካይ በሁለት እግሩ ገባበት፣ አጥንቱ ካልሲውን ቀዶ ወጣ፣ መሰበሩ እስከ ተመልካቹ ተሰማ፣ ኳስ መጫወት እዚያው አበቃ፣ ይህን እዚህ አሜሪካ፣ ኢስት ኮልፋክስ መንገድ ያለው ሐበሻ ምግብ ቤት ጥብስ እየበላን ነው የነገረኝ፣ ከዛስ አልኩት፣ ከዛማ ልገድለው ሄድኩ አለኝ፣ ቤቱ ደጃፍ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ጠበቅኩት፣ ጭኔ ላይ የጎማ መፍቻ ብረት፣ ኬቨን ሲወጣ አየኝ፣ መጥቶ በሩን ከፈተና አጠገቤ ተቀመጠ፣ ብረቱን አየው፣ ምታኝ አለኝ፣ እና መታኸው አልኩት፣ አልመታሁትም አለ፣ ለምን፣ እንጃ፣ ብዙ ተቀመጥን፣ ከዚያ ወንድሙ የሚያሠለጥናቸው ልጆች ጋ ይዞኝ ሄደ፣ ኮች የሆንኩት በዚያ ነው፣ እናቴ ስትሞት ሳጥኗን ከተሸከሙት አንዱ ኬቨን ነበር።

ሞኝ ነህ አልኩት። እኔ ብሆን አናቱን እፈረክሰው ነበር አልኩት። ሥጋውን ወደ እኔ ገፋና ብላ አለኝ።

እኔ ሞኝ አይደለሁም፣ እይ ዴክላን፣ ይኸው ያንተን ልመልስልህ ነው፣ የኬቨንንም ጭምር፣ የቢንያም ከንፈር ይጠቁራል፣ ዓይኑ ወደ ላይ ይዞራል፣ መቧጨሩን ትቷል፣ እግሩም መንፈራገጡን አቁሟል፣ ለምን አቆመ፣ ቆይ፣ ልቀቅ፣ ልቀቅ እንጂ አንተ፣ ለራሴ ነው የምለው፣ እጄ አይሰማኝም፣ ጣቶቼ የሌላ ሰው ሆነዋል።

በቃ።

በአማርኛ። ከሚያውቃቸው ጥቂት የአማርኛ ቃላት አንዷ። ዴክላን እየዳኸ መጥቷል፣ ጣቴን ይይዛል፣ አንዱን ያላቅቃል፣ ሌላውን፣ አትንካኝ፣ ክንዴን ወደ ኋላ እወረውራለሁ፣ አጥንት ያገኛል፣ እርጥብ ነገር፣ ዞር ስል ቅንድቡ ነው፣ የተሰነጠቀችው ላይ፣ ያችኑ ራሷን።

መታሁት።

አሁን ይመታኛል፣ ይምታኝ፣ ፊቴን አልሸሽም፣ እሱ ግን ደሙን በትከሻው ጠርጎ ወደ ጣቴ ይመለሳል፣ የመጨረሻውን ያላቅቀዋል፣ ገፍትሮ ያወርደኛል፣ ቢንያምን በጎኑ ያገላብጠዋል፣ ጀርባውን ይደልቀዋል፣ አንዴ፣ ምንም፣ ደግሞ፣ ምንም፣ እግዚኦ፣ ደግሞ።

ሳል። ትውከት። እንደገና ሳል፣ አየሩን እያፏጨ ይስባል፣ ይተነፍሳል፣ እኔም የምተነፍስ ይመስለኛል፣ ሳይረኑ ከሃቫና ስትሪት በኩል ይቀርባል፣ ኮች፣ እኔም መታሁህ እኮ እለዋለሁ፣ አውቃለሁ ይላል ሳያየኝ፣ ውሃ አምጣ፣ እነሳለሁ፣ ጣቶቼ አንዘረጋም ብለዋል፣ ጠርሙሱን በሁለት መዳፌ አጣብቄ እመለሳለሁ፣ ጎንበስ እላለሁ፣ እንካ፣ ጠጣ፣ ቢንያም ያየኛል፣ እጁን ፊቱ ላይ ያደርጋል፣ ከእኔ ሸሽቶ ዴክላን ጉያ ውስጥ ይገባል።