ማመንጫን ቡርቃ ያልኩ ቀን

አማርኛንም ኦሮምኛንም አብጠርጥሬ አውቃለሁ ብዬ የምኮራ ሰው ነበርኩ። ከአምቦ ወደ እጃጂ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ትንሽ ከተማችን ማዘጋጃ ቤቱ ስብሰባ ሲጠራ የማስተረጉመው እኔ፣ ነጋሳ ነኝ።

ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ባለሙያ ከአዲስ አበባ መጣ። ትልልቅ ከተሞች ቆሻሻቸውን አቃጥለው መብራት እያገኙበት ነው፣ የአካባቢው ከተሞች ቢተባበሩ እዚህም ማመንጫ ይተከላል፣ ቆሻሻው ሁሉ ወደ ማመንጫው ይገባል አለ። ማመንጫ ሲል እኔ ምንጭ ታየኝና፣ ሳልጠይቅ «ቡርቃ» ብዬ ተረጎምኩት። ቡርቃ በኦሮምኛ ከመሬት የሚፈልቅ ውሃ ነው። አማርኛ የሚሰማውም ቃሉ አዲስ ሆኖበት እኔን አመነ። ቆሻሻውን ምንጫችን ላይ ሊደፉት ነው ተባለና አዳራሹ ታመሰ። ከቆሻሻ መጣያው ግርጌ የሚኖሩት እናት፣ አዴ ወርቂቱ፣ ከሁሉ ቀድመው እጃቸውን ለተቃውሞ አወጡ። ስህተቴ የገባኝ ያኔውኑ ነው። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ፤ በሰው ፊት ከማፍር ብዬ ወረቀቴን ሳገላብጥ ቆየሁ።

ማመንጫው ቀረ። ቆሻሻው ግን ዓመት ዓመት እየተቆለለ ሄደ። ባለፈው ነሐሴ ዝናቡ ሳያባራ ሰነበተና አንድ ጠዋት ክምሩ ተንዶ የአዴ ወርቂቱን ጓዳ ዋጠው። ልጃቸው ለንሳ ጓዳው ውስጥ ሽሮ ልትሠራ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ቀብሯ ላይ ከሰው ኋላ ቆምኩ።

ዘንድሮ ያው ባለሙያ ተመልሶ መጣ። ያኔ የተቆጣው ሕዝብ አሁን መቼ ይጀመራል እያለ ይጠይቀው ጀመር። አዴ ወርቂቱ በጥቁር ልብሳቸው ተነሡ። በኦሮምኛ ነው የተናገሩት።

«ያኔ ለምንጩ ብዬ እጄን አወጣሁ። ልጄን የገደለቻት ይህች እጅ ናት።»

ባለሙያው ምን እንዳሉ ጠየቀኝ። እኔ ግን ወደ እሳቸው ዞሬ በራሳቸው ቋንቋ ተናገርኩ።

«አዴ፣ እጅዎ አይደለም፣ አፌ ነው። ምንጩን ሊነካ ያሰበ ማንም አልነበረም። ቃሉን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

 አዴ ወርቂቱ ትክ ብለው አዩኝ።

«መቼ አወቅህ?»

«ያን ዕለት፣ እጅዎን ሳያወርዱ።»

ቀስ ብለው ተቀመጡ። ባለሙያው አሁንም ትርጉሙን ይጠብቃል።