የሦስት ሳምንት ሰላም

እናትየው ሜትሩን ከልጅቷ ወገብ ላይ ፈታ አደረገችና እንደገና ለካች። ሁለተኛውም ያው ነው። የትምህርት ቤት ቀሚሱን ራሷ ነበረች የሰፋችው፣ ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ያውም ለዕድገት ብላ ትንሽ ለቀቅ አድርጋ። ዛሬ የጎኑ ዚፕ እኩሌታው ላይ ደርሶ ከዚያ ወዲያ አልሄድ አለ። አራት ሴንቲ ሜትር ጨምራለች። ሃያ ዓመት ልብስ የሰፋ ሰው ወገብ ሲለካ አይሳሳትም።

"እሜቴ፣ ምግብ ከየት ነው የምታገኚው?"

"ከየትም።"

"ትምህርት ቤት የሚሰጥሽ ሰው አለ?"

"የለም። አደግኩ እንጂ። ሰው ያድግ የለም እንዴ?" አለች ልጅቷ፣ ዓይኗን እንኳ ሳትሰብር።

አስራ አንድ ዓመቷ ነው። "እሜቴ" ያላት አባቷ ነው፤ ቤቱን የምታዘው እሷ ስለሆነች። ቀልዱ ውስጥ እውነት ነበረበት። እዚያ ቤት መቼ እንደሚበላ፣ ምን እንደሚገዛ፣ ማን የት ቆሞ እንደሚያኝክ የሚወስነው የእሜቴ ሕመም ነው።

ስትወለድ ገላዋ እንደ እርጥብ ጨርቅ የተልፈሰፈሰ ነበር፤ ጡት መሳብ እንኳ አቃታት። እናትየው ወተቱን እያለበች በጠብታ ስታጎርሳት፣ "አንዴ ብቻ ዋጪልኝ" እያለች ስትለምናት ሁለት ዓመት አለፈ። ሦስተኛው ዓመት ላይ ልጅቷ መብላት ጀመረች። ቤቱ በደስታ ተሞላ። ከዚያ በኋላ ግን አላቆመችም። ያልበሰለ ሊጥ ስትበላ ተገኘች፤ ከቆሻሻ ቅርጫት አውጥታ ስትበላም እንዲሁ። ሐኪም ዘንድ ሲወስዷት ከተፈጥሮዋ ጋር አብሮ የመጣ ሕመም መሆኑ ተነገራቸው።

"የጠገበ ሆድ ለአንጎል መልእክት ይልካል" አላቸው ሽማግሌው ሐኪም። "የእሷ መልእክት አይደርስም። ድስት ሙሉ በልታም ሦስት ቀን እህል እንዳልቀመሰ ሰው ይርባታል። ክፋት አይደለም፣ ስግብግብነትም አይደለም። ስለዚህ ምግብ ይቆለፍ። ሰዓቱና መጠኑ ግን አይዛነፍ። መቼ እንደምትበላ በእርግጠኝነት ካወቀች ትንሽ ልቧ ያርፋል።" ከዚያ ወረቀት ላይ አንድ ነገር ጻፈላቸውና፣ "ይቺን ከቦርሳሽ እንዳትለዪ" አለ።

አባትየው በያጅ ነው። የወጥ ቤቱን በር በብረት ሠራው። ግድግዳው ላይ በስዕል የተሠራ የሰዓት ሰሌዳ ተሰቀለ፦ አንድ ሰዓት ላይ ሳህን፣ ስድስት ሰዓት ላይ ሳህን፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ካሮትና ግማሽ ብርቱካን፣ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ሳህን። የሳህኑ እኩሌታ ሁልጊዜ አትክልት ነው። ሦስቱም አብረው፣ አንድ ዓይነት ምግብ ይበላሉ፤ ከዚያ ሰዓት ውጭ ማንም አፉን አያንቀሳቅስም። ባልየው ብስኩት ሲያምረው መሥሪያ ሱቁ ድረስ ሄዶ፣ የብየዳ መነጽሩን አጥልቆ፣ እንደ ሌባ ጥግ ይዞ ነው የሚበላው።

ይህን ሁሉ ግን ለሰፈር ሰው አልተናገሩም። እናትየው የልጄን ገመና አደባባይ አላወጣም ብላ አፏን ዘጋች። ሰፈርተኛው ያየው በሩን ብቻ ነው፤ ስም ለማውጣት ደግሞ አልዘገየም፦ ለልጇ እህል የምትቆልፍ እናት።

ቅዳሜ ስለነበር ባልየው ቤት ነው። ሜትሩን ይዛ ወጣችና ነገረችው።

"ሲታጠብ ጠቦ ይሆናላ" አለ።

"ወገቧን ነው የለካሁት፣ ቀሚሱን አይደለም።"

ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። "እኔ እኮ መድኃኒት ያገኘን መስሎኝ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጩኸት የለ፣ ሳህን መወርወር የለ። ትናንት ራት በልታ 'አመሰግናለሁ' ስትል ልቤ ሊቆም ነበር።"

"እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን የሚያስፈራኝ እሱ ነው።"

ሁለቱም ወደ ልጅቷ ክፍል ዞር አሉ። እያንጎራጎረች ነበር።

ባልየው ከምሳ በኋላ የጀመረው የመስኮት ሥራ ስላለ ወደ ሱቁ ሄደ። እሷ የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀመጠች። ልጅቷ የጨርቅ ቁርጥራጭ ይዛ ጓሮ ደረጃው ላይ ትጫወታለች። በየአስር ደቂቃው ብቅ ብላ ታያታለች፤ እሜቴ ብላ ትጠራታለች፤ ትመልሳለች። ስምንት ሰዓት ተኩል ግድም አንዲት ደንበኛ መጣችና በኮሌታ ጉዳይ ክርክር ያዘች። ሰፋ፣ ጠበበ፣ እንዲህ አላልኩሽም ነበር ሲባል ጊዜው ሄደ። ሴትዮዋን ሸኝታ ስትመለስ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ቀርቶታል። ካሮቱን ላጠች፣ ብርቱካኑን ከፈለች፣ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። እሜቴ አልመጣችም።

እናትየው ሳህኑን እያየች ቆመች። ሌላ ቤት ቢሆን አንድ ልጅ ለመክሰስ ዘገየ ይባላል፤ ያልፋል። እሜቴ ግን በስምንት ዓመት ውስጥ ለምግብ አንዲት ደቂቃ ዘግይታ አታውቅም። ትኩሳት ይዟት እንኳ ጠረጴዛው ጋ ቀድማ የምትገኘው እሷ ናት። ጠራቻት። መልስ የለም። ጓሮ ወጣች። የጨርቁ ቁርጥራጭ ደረጃው ላይ በቀለም ተለይቶ ተደርድሯል።

ከጎረቤት የሚለያቸው የእንጨት አጥር ነው። ከታች አንዱ ጣውላ ምስማሩ ተነቅሎ እንደ በር ወደ ጎን ይዞራል። የተከፈተበት መሬት ላይ ሣሩ ተረግጦ አልቋል። የአንድ ቀን ሥራ አይደለም።

ጎረቤትየዋ ጡረታ የወጣች መምህርት ናት። ባሏ ሞቶ፣ ልጆቿ ቤት ይዘው ከወጡ ወዲህ ብቻዋን ነው የምትኖረው። እናትየው በዋናው በር ዞራ ገባች። "እትዬ" ብላ ተጣራች። ቤቱ ጭር ብሏል። የወጥ ቤቱ በር ገርበብ እንዳለ ነው። ከውስጥ ብረት በብረት የመፋቅ ድምፅ ይሰማል፤ ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ ፋቅ፣ ፋቅ።

ልጅቷ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጣ ትልቅ ድስት በእግሮቿ መካከል ይዛለች። ሩዝና ምስር ነበረበት። የድስቱን ቂጥ በማንኪያ እየፋቀች ነው።

"መጣሁ፣ ሊያልቅ ነው" አለች ቀና ሳትል።

እናትየው ተንበርክካ ሆዷን ነካች። በተወጠረ ቆዳ የተለበጠ ጣውላ ይመስላል።

"ያምሻል?"

"አያመኝም። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ እንዴ? ካሮቴስ?"

መምህርቷ ያን ጊዜ ደረሰች፤ በሁለት እጇ የለስላሳ ጠርሙሶች ተሸክማ። ነገ የድሮ ተማሪዎቿ ሊጠይቋት ይመጣሉ። እናትየውን ስታይ ፊቷ ጠነከረ።

"ተያት። ትብላ።"

"እትዬ፣ ስንት ጊዜ ሆኗችሁ?"

"ሦስት ሳምንት። በየቀኑ አንድ ሳህን፣ በአጥሩ በኩል። አላፍርበትም። አርባ ዓመት ሳስተምር የተራበ ልጅ ዓይን ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። አንቺ እህል ላይ ቁልፍ ስታንጠለጥዪ እኔ ዝም ልበል? ለሚመለከተው ላመለክት ነበር፣ ልጅቷ ናት እንዳልናገር የለመነችኝ።"

"ልክ ነዎት፣ ተርባለች" አለች እናትየው። ድምፅዋ እንግዳ በሆነ ሁኔታ ረጋ ብሏል። "አሁንም ተርባለች። ይቺን ድስት ጨርሳ ተርባለች።"

መምህርቷ ወደ ድስቱ አየች። "የአስራ አምስት ሰው ነበር" አለች በቀስታ።

"ሕመም ነው። መጥገብ አታውቅም። ለማንም አልነገርኩም፤ ጥፋቱ የኔ ነው። አሁን ጊዜ የለንም፤ ሆዷን ይንኩት።"

መምህርቷ ጠርሙሶቹን መሬት አስቀምጣ ጎንበስ አለችና ነካች። ከዚያ ቀና ብላ፣ "ታክሲ ላምጣ" አለችና ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ሮጠች።

የድንገተኛ ክፍሉ ሐኪም ወጣት ነው፤ የደከመው ይመስላል። የልጅቷን ሆድ እዚህም እዚያም ተጫነ። ልጅቷ ፈገግ ብላ ታየዋለች።

"አስታውካለች?"

"አታስታውክም።"

"ስጫናት ዝም ነው የምትለው። አደገኛ ነገር ቢሆን ኖሮ እንዲህ አትሆንም። ከልክ በላይ በልታ ነው። ቤት ይውሰዷት፣ ትንሽ ትራመድ። ካለቀሰች ወይም ካስታወካት ይመልሷት።"

"ዶክተር፣ ይቺ ልጅ አታለቅስም። አምና ክንዷ ተሰብሮ ሁለት ቀን ስትጫወትበት ነው የቆየችው።"

"እናት፣ ይኸው ወረፋውን ያዩታል…"

ቦርሳዋን ከፈተችና በላስቲክ የተጠቀለለ፣ ከመታጠፍ ብዛት የሳሳ ወረቀት አወጣች። ሐኪሙ ቆሞ ማንበብ ጀመረ። ይህች ልጅ ሕመም አይሰማትም፤ አታስታውክም፤ ብዙ በልታ ሆዷ ከተነፋ ዝምታዋን አትመኑ። ሁለተኛ ጊዜ አነበበው። ከዚያ ነርሷን ጠራና ልጅቷ በአልጋ እንድትገፋ፣ አሁኑኑ ራጅ እንድትነሳ አዘዘ።

ሆዷን የሚያጎድለው ቱቦ በአፍንጫዋ ሲገባ ትንሽ ተቆጣች። ገብቶ ሲያበቃ ነርሷን፣ "እዚህ ራት ስንት ሰዓት ነው?" ብላ ጠየቀቻት። ነርሷ ሳቀች። እናትየው አልሳቀችም።

ባልየው በሥራ ልብሱ ሲደርስ ሚስቱንና መምህርቷን አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ አገኛቸው፤ በመካከላቸው የአንድ ሰው ቦታ ትተዋል። አንድ ቀዶ ሐኪም ወጣና አነጋገራቸው። ጨጓራዋ ከመጠን በላይ እንደተነፋ ፊኛ ሳስቷል፣ ግን አልተቀደደም፤ እየጎደለላት ነው። ቤት ይዘዋት ሄደው ቢሆን ኖሮ ግን ለነገ ጠዋት አትደርስም ነበር።

መምህርቷ ይህን ስትሰማ ተነሣች። ግድግዳውን እየያዘች ወጣች።

በአምስተኛው ቀን ልጅቷን ይዘው ቤት ገቡ። የጎረቤት በር ዝግ ነው። የድሮ ተማሪዎቿንም አትምጡ ብላ መልሳቸዋለች አሉ። ባልየው ከሱቁ ሰፊ ላሜራ ተሸክሞ መጣ።

"ይሄን አጥር ዛሬ ነው የምደፍነው።"

"ድፈነው" አለችው ሚስቱ።

የመዶሻው ድምፅ ሲያበቃ፣ ለአስራ ሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን፣ በዋናው በር ዞራ የጎረቤቷን በር አንኳኳች። መምህርቷ ስትከፍት በአምስት ቀን ውስጥ ያረጀች ትመስላለች።

"እትዬ፣ ራት አስራ ሁለት ሰዓት ነው። እኛ ጋ ይብሉ።"

"በምን ዓይኔ ላያት? ልገድላት ነበር እኮ።"

"እኔ ብነግርዎ ኖሮ አያደርጉትም ነበር። አሁን ይምጡና ይወቁት። እየደበቅኩ የትም አልደርስም።"

ልጅቷ ጠረጴዛው ጋ ቀድማ ተቀምጣለች። አራት ሳህን ተደርድሯል። እናትየው ድስቱን አመጣች፤ አትክልቱን ራሷ በየሳህኑ እኩሌታ ላይ አወጣች። ከዚያ ጭልፋውን በእጀታው በኩል ለመምህርቷ ዘረጋችላት።

"ለእሷ እርስዎ ያውጡላት። አንድ ጭልፋ ነው። ከማውጣትዎ በፊት አንድ ብቻ መሆኑን ይንገሯት።"

ባልየው ሚስቱን አየ። መምህርቷ ጭልፋውን ተቀበለች። ልጅቷ ወደ እሷ ዘንበል አለችና የድሮ ምስጢረኛውን እንደሚያናግር ሰው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ቲቸር፣ ሁለት" አለች።

ጭልፋው ድስቱ ላይ ቆመ።

"ሁለት፣ ቲቸር። ሕመምተኛ ነበርኩ እኮ።"

የመምህርቷ ዓይን እንባ አቀረረ። ጭልፋው ወደ ድስቱ ወረደ፣ ሞልቶ ወጣ፣ ሳህኑ ላይ ተገለበጠ፣ እንደገና ድስቱ ላይ ቆመ። ልጅቷ ፈገግ ብላ ትጠብቃለች፤ ፈገግታው ያው የሦስት ሳምንቱ ፈገግታ ነው። እናትየው ጭልፋውን ልትቀበል ከወንበሯ ግማሽ ተነሣች። ዛሬ ብትቀበል ነገም መቀበል አለባት፤ ከነገ ወዲያም።

ተመልሳ ተቀመጠች። ሁለት እጆቿን ከጠረጴዛው ሥር አስገብታ ጉልበቷን ያዘች፣ ዓይኗን የራሷ ሳህን ላይ ጣለች፣ ጠበቀች።