ቀይ መስመር ያለበት ዳዶ

ቧንቧ ሠራተኛ ሆኜ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ቤት ለማሞቅ በቧንቧ የሚዞረው ውሃ ሽታ ግን ዛሬም አልለመድኩትም። ብረት ውስጥ ዓመታት የተኛ ጥቁር ውሃ እንደ ገማ እንቁላል ነው የሚሸተው። የወይዘሮ ቲያርክስን የማሞቂያ ክፍል በር ስከፍት ወደ ላይ አለኝ። ሦስት መገጣጠሚያዎች ያንጠባጥባሉ። ከሥራቸው የተደረደሩት የማርጋሪን ዕቃዎች ሞልተው ፈሰዋል፤ በአንዱ ላይ ቀንድ አውጣ ሞቶ ይንሳፈፋል። ወለሉ ላይ የተጣለው ጨርቅ ሻግቶ ጸጉር አብቅሏል። ቱ!

«ይኸው፣ እየው!» አለኝ ልጃቸው ኤኖ፣ አፍንጫውን በመሃረብ ይዞ። «እናቴ እዚህ ግማት ውስጥ ነው የምትኖረው። ቧንቧው በሙሉ በስብሷል በላትና እንገላገል።»

ለምን እንደቸኮለ ገብቶኛል። ኩሽና ጠረጴዛው ላይ፣ ከሻይ በራዱ አጠገብ፣ የአረጋውያን መኖሪያ ቅጽ ከነእስክሪብቶው ተቀምጦ አይቻለሁ። ወይዘሮዋ ቧንቧው የማይጠገን ከሆነ እፈርማለሁ ብለዋል። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ከተዳሩ ጀምሮ እዚህ ኖርደን ከተማ ውስጥ ከዚህ ቤት ሌላ ቤት አያውቁም። እኔንም ሻይ ሳልጠጣ ወደ ሥራ አላሳለፉኝም። እኛ ዘንድ ማንኪያህን ስኒው ውስጥ ከተህ በቃኝ እስክትል ድረስ መቀዳቱ አይቆምም፤ ሦስት ስኒ ጠጥቼ፣ ማንኪያዬን ከትቼ ነው የተነሣሁት።

ተንበርክኬ የመጀመሪያውን ዳዶ ጠረግሁ። ከዝቃጩ ሥር ቀይ መስመር ብቅ አለ፤ ግማሹ ዳዶው ላይ፣ ግማሹ ቧንቧው ላይ። ሥራውን የሚያከብር ሰው ዳዶ አጥብቆ ሲጨርስ እንዲህ ያሰምራል፤ ዳዶው ከተነቃነቀ መስመሩ ይለያያል። የዚህኛው የጣት ስፋት ያህል ተለያይቷል። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንደዚያው። የቀሩት አሥራ አራቱ ግን ቀጥ እንዳሉ ናቸው። በሦስቱ ጠርዝ ላይ አዲስ የመፍቻ ጭረት ያብለጨልጫል። ዝገት ዳዶን ያጣብቀዋል እንጂ አይፈታውም።

ከዚያ በኋላ የውሃው ሽታ ቀለለኝ። ያቅለሸለሸኝ ከጀርባዬ የቆመው ሰው ሽቶ ነበር። የገዛ እናቱን ማሞቂያ መፍታት፣ ያውም በጥር ውርጭ! ስንት የተደፈነ ሽንት ቤት ውስጥ እጄን ከትቻለሁ፤ እንደዚያች ደቂቃ ግን ተጸይፌ አላውቅም።

«ወይዘሮ ቲያርክስ፣ ይሄን መስመር ማን ነው ያሰመረው?» ብዬ ተጣራሁ።

«እኔ ነኝ ልጄ!» እያሉ በምርኩዛቸው መጡ። «ባሌ ያጠብቃል፣ እኔ በጥፍር ቀለሜ አሰምራለሁ። ቀለሜን ጨረስክብኝ እያልኩ ስንት ተጣልተናል መሰለህ!»

«አሮጌ ቤት ነው እማዬ፣» አለ ኤኖ ቶሎ ብሎ፣ «በራሱ ይላላል...»

«አንተ ዝም በል!» አልኩት። ደንበኛ ቤት እንዲህ ተናግሬ አላውቅም።

ሦስቱንም አንድ በአንድ አጠበቅኩ። መስመር ከመስመር ገጠመ፤ ጠብታው ቆመ። ወይዘሮዋ መነጽራቸውን አድርገው አጎነበሱ። መስመሩን አዩ፣ ጭረቱንም አዩ፣ ከዚያ ልጃቸውን አዩ። 

ኩሽና ተመልሰን ተቀመጥን። ኤኖ ባዶ ስኒውን ወደ እናቱ ገፋ አደረገ።

«እማዬ፣ ቅጂልኝና እንነጋገር። ለአንቺ አስቤ እኮ ነው።»

ወይዘሮ ቲያርክስ በራዱን አልነኩም። የልጃቸውን ማንኪያ ከማስቀመጫው ላይ አነሡና በገዛ እጃቸው ስኒው ውስጥ ከተቱት።