የወይዘሮ ወለተኪዳን ንቦች

ወይዘሮ ወለተኪዳን ቤቱን ሸጠውልን ሲወጡ ይዘው የሄዱት አንድ ዳዊትና አንድ መቋሚያ ብቻ ነበር። ባላቸው ሞተዋል፣ ልጅ የላቸውም፣ ሊመነኩሱ ነው። የቀረውን ሁሉ ለእኛ ተዉልን፦ አንድ እግሩ የወለቀ ዱካ፣ አፉ የተሸረፈ እንስራ፣ አይጥ የበላው የበግ አጎዛ፣ ጓዳው ግድግዳ ላይ ምንም ያልተሰቀለበት ወፍራም ችንካር። ሰው ቤት ሲለቅ የሚተወው የማይጠቅመውን ነው ብዬ ግማሹን ዕለቱን ጠርጌ ጣልኩት። ንቦቹን ግን በመጥረጊያ ማውጣት አይቻልም።

ንቦቹ የሚኖሩት በእልፍኙ የድንጋይ ግድግዳ ውስጥ በተቀበሩ ሁለት ቀፎዎች ነው። መውጫቸው በውጭ በኩል ጣት የምታስገባ ቀዳዳ ናት። የቀፎዎቹ ጀርባ በእበት ተመርጎ ወደ ውስጥ፣ ልክ ወደ መኝታችን ዞሯል። በመንዝ ብርድ ንብ ሜዳ ላይ አይተውም፤ ከሰው ጋር ያድራል። ተኝቼ ጭንቅላቴን ወደ ግድግዳው ሳስጠጋ እህህህ ሲሉ እሰማቸዋለሁ።

«ንቦቹን አልሸጥኩላችሁም» አሉ ወይዘሮ ወለተኪዳን ደጃፉ ላይ ቆመው። «ከወደዷችሁ ይቀመጣሉ፤ ካልወደዷችሁ ይሄዳሉ። ጠብ ያለበት ቤት አያድሩም። ይኸው ነው።» ይህን ሲሉ የሚያዩት እኔን ነው። ባሌን ቀና ብለውም አላዩት።

ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት ነበር። ባሌ ቅጣው መሐል ሜዳ ከተማ ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ጸሐፊ ነው። እኔ ማናለብሽ የመርሐቤቴ ቆላ ልጅ ነኝ፤ ቤቱም የተገዛው አባቴ ለጎጆ መውጫ የሰጡኝ በሬዎች ተሸጠው ነው። ይህን የማነሳው ለጉራ አይደለም፤ ኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

በገባን በሳምንቱ ሰፈርተኛው እንኳን ደህና ገባችሁ ሊለን መጣ። ሁሉም መጀመሪያ እልፍኝ ይገባል፣ ጆሮውን ግድግዳው ላይ ይለጥፋል፣ ከዚያ ፊቱን አብርቶ እኔን ሰላም ይለኛል። የደብሩ ጧፍ የሚሠራው ከእኛ ቀፎ ሰም ነበርና ንቦቹ የእኛ ብቻ አልነበሩም። ወይዘሮ ወለተኪዳን ከባላቸው ጋር ሠላሳ ዓመት ሲኖሩ ንቦቹ አንድ ጊዜ እንኳ ቤቱን ለቀው አልሄዱም አሉ። «የሰላም ቤት» ይሉታል። እኔም ዕድለኛ ነኝ አልኩ። ሞኝ!

በሁለተኛው ወር፣ አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ ወጡ ጨው በዛበት። ቅጣው እጁን ታጠበ፣ በፎጣ አደረቀ፣ ተነሥቶ በሩን ዘጋ። ከዚያ ቀበቶውን ፈታ። ብረቱ እንዳይንኳኳ በመዳፉ ውስጥ ጠቀለለው። መጀመሪያ ሲያሳርፍብኝ እሪ ልል አፌን ከፈትኩ። እሱ ግን ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው ሆኖ፦

«ቀስ! ንቦቹ!» አለኝ።

ዝም አልኩ። ዛሬም ሳስበው ይገርመኛል። ጀርባዬ እየተቃጠለ የማስበው ስለ ንቦቹ ነበር። ንቦቹ የሄዱ ዕለት ማንም ቅጣውን አይጠይቅም። ቅጣው ዝንብ እሽ የማይል ሰው ነው፤ ለድሃ ማመልከቻ በነጻ ይጽፋል፤ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም መሬት ይስማል። «ያቺ ጨቅጫቃ ቆለኛ አባረረቻቸው» ነው የሚባለው። ቄሱም ጧፉ የጠፋው በእኔ ምላስ ነው ይላሉ። ይህን እሱም ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ።

ከዚያ ወዲያ በሹክሹክታ መኖር ጀመርኩ። ዶሮ ሳባርር እንኳ ድምፄን ቀንሼ ነበር እሽ የምለው። እሱ ሲመጣ በሩን ይዘጋል፣ ባናውን፣ የሱፍ ብርድ ልብሳችንን፣ አፌ ላይ ያደርጋል፣ ብረቱን ይጠቀልላል። ሲጨርስ ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ያዳምጣል። «አሉ» ይልና ወደ ሥራው ይሄዳል። ጎረቤቶቼ ደግሞ እኔን ሲያዩ ይቀኑ ነበር። «ድምፅሽ እንኳ አይሰማም፤ የታደልሽ!» ይሉኛል።

በዓመቱ አላስችል አለኝ። የሰፈሩ ሽማግሌ ባላምባራስ ጎበዜ ቤት ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። «መፈታት እፈልጋለሁ፤ ይመታኛል» አልኳቸው። ባላምባራስ ክፉ ሰው አይደሉም። ሁለት ሽማግሌ ጨምረው በነጋታው መጡ። ጠላ ቀዳሁ። ሳይቀመጡ ቀጥ ብለው እልፍኝ ገቡ፣ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ ለጠፉ። ሁላችንም ትንፋሻችንን ይዘን ቆምን።

«አሉ» አሉ ባላምባራስ። «አሉ ብቻ? ሞልተዋል እንጂ! አይ ልጄ፣ የባልና የሚስት ነገር አንዳንዴ ይነካካል። ጠብ ቢሆን ኖሮ ግን እነዚህ ባልተቀመጡ።»

ያ ነበር ችሎቱ። ምስክሮቹ ተጠይቀዋል፤ ንቦቹ። እኔን የጠየቀኝ የለም። ቅጣው አንገቱን ደፍቶ የባላምባራስን ጉልበት ሳመ። ያን ቀን ሽማግሌዎቹ ከወጡ በኋላ ምን እንደሆነ አልናገርም።

ያለ ሽማግሌ ፍርድ ጥዬ ብወጣ ደግሞ ኮብላይ ነኝ። ኮብላይ ከቤቱ ድርሻ የላትም፤ የአባቴም በሬዎች እዚያው ግድግዳ ሆነው ይቀራሉ። ባዶ እጄን አባቴ ደጅ ብቆም ደግሞ አባቴ ራሳቸው መልሰው ያመጡኛል። ስለዚህ የሚያድነኝ አንድ ሰው ብቻ ነው ብዬ አሰብኩ፤ በዚያ ቤት ከእኔ በፊት የኖረ ሰው።

ወይዘሮ ወለተኪዳን መንኩሰው እማሆይ ሆነዋል። በኪዳነ ምሕረት ቅጥር ግቢ ካለች ትንሽ ጎጆ ደጃፍ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው።

«ንቦቹ ደህና ናቸው?» አሉኝ።

«እነሱ ደህና ናቸው።»

ቀና ብለው አዩኝ። መቁጠሪያቸው እጃቸው ላይ ቆመ።

«በምን ይመታሻል?»

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «በቀበቶ» አልኳቸው።

«የኔው በኮርቻ ጠፍር ነበር። ጓዳ ችንካር ላይ ይሰቅለዋል።»

«ንቦቹስ ታዲያ?»

«ምን ይሆናሉ? ማራቸውን ይሠራሉ።» ሳቅ ብለው ነበር፤ የሚያስቅ ነገር ግን ፊታቸው ላይ የለም። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዛሬ ይሄዳሉ፣ ነገ ይሄዳሉ እያልኩ ጠበቅኋቸው። ቢሄዱ ሰው ያውቅልኛል ብዬ። እነሱ እቴ!»

ንዴት አናቴ ላይ ወጣ። «ታዲያ ቤቱን ሲሰጡን ‹ጠብ አይወዱም› ያሉኝ ለምንድን ነው? እርስዎ እያወቁ?»

«ሰው የሚለውን ነው ያልኩሽ። ሌላ ምን ልበል? ባሌ በክብር ተቀብሯል፤ እኔም የሰላም ቤት እመቤት ተብዬ ነው የወጣሁት። ያቺን ስም ይዤ ልሙት ብዬ ነው።»

«ለባላምባራስ ይንገሩልኝ፤ እማሆይ። አንዲት ቃል ብቻ። እርስዎን ያምናሉ።»

ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ይህን አልክድም። ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ስመነኩስ ፍትሐት ተፈትቶልኛል፤ ልጄ። ለዚህ ዓለም የሞትኩ ነኝ። የሞተ ሰው እንዴት ምስክር ይሆናል?» መቁጠሪያውን እንደገና ማሽከርከር ጀመሩ፤ ከዚያ በኋላ አላዩኝም።

ወደ ቤት ስመለስ የረገምኩት ባሌን ሳይሆን እሳቸውን ነበር። መንገዱ እኩሌታ ላይ ግን አንድ ነገር ታየኝ፤ ቆምኩም። ንቦቹ ለሠላሳ ዓመት ጠፍር ካልሄዱ ለእኔ ድምፅም አይሄዱም። ታዲያ የማንን ጆሮ ፈርቼ ነው የማንሾካሹከው?

ኅዳር ላይ ማር ሲቆረጥ ቄሱ ሰሙን ሊረከቡ፣ ባላምባራስ ጎበዜና ሌሎች ሽማግሌዎችም ሊመርቁ መጡ። ቅጣው ነጭ ለብሶ ማሩን በገበታ ያቀርባል። እልፍኙ ሰው እንደሞላ እኔ ቀፎዎቹ አጠገብ ቆሜ ጮኽኩ። የመርሐቤቴ ሰው በገደል ማዶ ሲጣራ እንደሚጮኸው፣ ካንጀቴ ጮኽኩ። ቀበቶውን ተናገርኩ፣ የተጠቀለለውን ብረት ተናገርኩ፣ አፌ ላይ የሚጫነውን ባና ተናገርኩ። ነጠላዬን ከትከሻዬ ገፍፌ አሳየኋቸው።

«ኧረ ንቦቹ! ኧረ ንቦቹን!» ይላሉ ሽማግሌዎቹ። አንዱ አፌን ሊይዝ እጁን ዘረጋ፣ ሌላው ደጅ ወጥቶ ቀዳዳዋን ሊያይ ሮጠ። ትከሻዬን ያየ ሰው ካለ ቄሱ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ወዲያው ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። ቅጣው ገበታውን እንደያዘ ቆሟል፤ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈርቶ አየሁት። ደስ አለኝ፤ ደስታዬም እስከ ጣቶቼ ወረደ።

ድምፄ ሲያልቅ ደጅ የወጣው ሰው ተመልሶ «ይገባሉ፣ ይወጣሉ፤ ምንም አልሆኑም» አለ። ባላምባራስ ኮፍያቸውን አውልቀው ጆሯቸውን ለጠፉ። ይኸው አሁን ያውቃሉ፣ ንብ የሰው ጠብ አይሰማም፣ አሁን እኔን ይጠይቁኛል ብዬ ጠበቅሁ።

ባላምባራስ ቀና ብለው በደስታ ተነፈሱ።

«አሉ!» አሉ። «አያችሁ? ከልቧ አይደለም። ከልቧ ቢሆን ኖሮ አንድም አይቀርም ነበር።» ከዚያ በርኅራኄ፣ እንደ አባት፣ ነጠላዬን አንሥተው ትከሻዬ ላይ መለሱልኝ።

ሰው ሲሰማ እንዲህ ይሰማል እንግዲህ። እንባ እንኳ አልመጣልኝም። «ንቦቹ ይቀመጡላችሁ፤ እኔ ግን እሄዳለሁ» አልኩና በሰው መሃል አልፌ ወጣሁ። የአባቴን በሬዎችም፣ ቤቱንም፣ ስሜንም እዚያው ትቼ። ቀየት የምትባል ከተማ ገባሁ። አንዲት ጎጆ ተከራይቼ ሱፍ እየፈተልኩ ለባና ሠሪዎች እሸጣለሁ። ሰው ኮብላይዋ ይለኛል፤ ይበል። ጎጆዬ ውስጥ ዶሮ ሳባርር እስከ ገበያው ድረስ ነው ድምፄ የሚሰማው።

ከእኔ በኋላ ንቦቹ አልሄዱም። ሽማግሌዎቹ ጠቡ የእኔ እንደነበር አሁን ገባቸው። ለቅጣውም ሌላ ሚስት ፈለጉለት፤ ከራቤል በኩል፣ እታገኝ የምትባል፣ ደህና ቤተሰብ ያላት ልጅ። ወላጆቿ ወደ ሰላም ቤት ልንድር ነው ብለው ደስ ብሏቸዋል አሉ። ይህን የሰማሁ ቀን ሱፉ ከእጄ ወደቀ። እማሆይ ወለተኪዳን ትዝ አሉኝ። ለእኔ ፍትሐት አልተፈታልኝም። እኔ አፍ አለኝ።

የገበያ ቀን ጠብቄ ራቤል ድረስ በእግሬ ሄድኩ። እታገኝን ጠያይቄ ከገብስ ሻጮቹ መሃል፣ ለሠርጓ ገብስ ስትመርጥ አገኘኋት። ፊቷ ክብ ነው፣ ገና ልጅ ናት፣ እፍኙን ገብስ እያሸች ታያለች። ማን እንደሆንኩ ነገርኳት። አልሸሸችም፤ ከግርግሩ ወጣ ብለን አንድ ካብ ጥግ ተቀመጥን። ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ቀበቶው፣ ስለ ባናው፣ «አሉ» ብሎ ሥራው ስለሚሄደው ሰው። ስለ እማሆይ ወለተኪዳን ሠላሳ ዓመትም ነገርኳት። ትከሻዬን አሳየኋት፤ በጣቷ ጫፍ ነካ አደረገችው።

አመነችኝ አልኩ። እጄን ያዘችኝና በትሕትና፣ እንደ ታናሽ እኅት፣ ጠየቀችኝ፦

«ንቦቹ ግን አልሄዱም አይደል፣ እትዬ?»

ልዋሻት ፈለግሁ። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ ልዋሻት ፈለግሁ። ግን ነገ ራሷ ገብታ ትሰማቸዋለች።

«አልሄዱም» አልኳት።

እፎይ አለችና ገብሷን ልትመርጥ ተነሣች።