ሙዝ የተከለከለበት ጀልባ

«በሮዋን ወንዝ ላይ በሚንሳፈፍ ማናቸውም ጀልባ፣ በግልጽም ሆነ በድብቅ፣ ከነልጣጩም ሆነ ተልጦ፣ ደርቆም ሆነ ኬክ ውስጥ ተጋግሮ፣ ሙዝ ይዞ መሳፈር ከዛሬ ጀምሮ ለዘለዓለም የተከለከለ መሆኑን ለክቡራን ደንበኞቻችን በታላቅ አክብሮት እናስታውቃለን።»

አዋጁን የዓሣ ማጥመጃ ሱቋ በር ላይ የለጠፈችው አለቃዬ ማርሊስ ናት፤ እኔ ደንበኞቿን በጀልባ እየቀዘፍኩ ዓሣ አስጠምዳለሁ። በሞንታና ወንዞች ላይ የሚቀዝፍ ሁሉ፣ ሙዝ ጀልባ ላይ ከወጣ ትራውት የሚባለው ዓሣ መንጠቆ እንደማይነክስ ያውቃል። ያምናል አላልኩም፤ ያውቃል ነው ያልኩት።

የዚያን ዕለት ጠዋት ማርሊስ በጣቷ ጠራችኝ።

«ሃልቮር፣ ዘንድሮ ሦስት ደንበኞች ‹ሰውዬው አፉ የተሰፋ ነው ወይ?› ብለው ከሰውሃል። ማስጠመድ ብቻ አይደለም ሥራህ፤ ማስረዳትም ነው። የዛሬው ሰው ቅር ብሎት ከተመለሰ ጀልባህን ለዴልበርት እሰጠዋለሁ።»

«ዴልበርት እኮ የሚቀዝፈው ገንፎ እንደሚያገነፋ ሰው ነው።»

«ያገነፋ፤ ግን ያወራል። ደግሞ ፎቶ ይዘህ ና። ወሩን ሙሉ ግድግዳዬ ላይ አንድ ዓሣ አልተሰቀለም።»

አሥራ አንድ ዓመት የቀዘፍኩባት ጀልባ ናት። እሺ አልኩ። አስረዳለሁ።

የዕለቱ ደንበኛ ዳኛ ፔልቲየር ይባላሉ። ሠላሳ ዓመት ኦሃዮ ውስጥ ሲፈርዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሁሉ ነገራቸው አዲስ የሆነ፣ ሲራመዱ ሱሪያቸው የሚንቋቋ ሽማግሌ ናቸው። ገና ጀልባዋ ላይ ከመቀመጣቸው ከኪሳቸው ቢጫ ነገር ብቅ አለ።

«ጌታዬ፣ ማስታወቂያውን አላነበቡም?»

«አንብቤዋለሁ። ምክንያት አልተጻፈበትም። ምክንያት የሌለው አዋጅ ይግባኝ ይባልበታል። ለምንድን ነው የተከለከለው?»

«ዓሣ አይነክስማ።»

«ዓሣው ሙዙን ያየዋል?»

«አያየውም።»

«ይሸተዋል?»

«እንጃ።»

«ታዲያ ማስረጃህ ምንድን ነው?»

«ሦስት ጊዜ ሙዝ አሳፍሬ ሦስቱንም ጊዜ ባዶ እጄን ገብቻለሁ።»

«ያለ ሙዝስ ባዶ እጅህን የገባህበት ቀን ስንት ነው?»

እንዲህ ያለ ቁጥር ለደንበኛ አይነገርም።

«ተረታህ» አሉና ሙዛቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ።

ከዚያ ቀጠለ። መንጠቆው ጫፉ ላይ ለምን ወደኋላ የዞረ እሾህ የለውም? ስንለቀው በቀላሉ እንዲወጣ። ልትለቀው ከሆነ ለምን ትይዘዋለህ? መንጠቆው ላይ ያለችውን ማታለያ ዝንብ ለምን ከላባ ትሠራታለህ፣ እውነተኛ ዝንብ ጠፍቶ ነው? ዓሣውን ከመንካትህ በፊት እጅህን የምታርሰው ለምንድን ነው? ደረቅ እጅ ቆዳውን ይልጠዋል። ይህንን ዓሣው ነገረህ? ጥርሴን ነክሼ አስረዳሁ። መንጋጋዬ ከክንዴ በላይ ደከመ።

«ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ማጥመድ ይቆማል ያልከኝስ?»

«ሙቀቱ ነው ጌታዬ። ውሃው ሲሞቅ አየር ያንሰዋል። የታገለ ዓሣ መልሶ አይተነፍስም፤ ይሞታል።»

«ለስምንት ሩብ ጉዳይ ላይ አይሞትም?»

«ሕግ ነው! እርስዎ ዳኛ አይደሉም እንዴ?»

«ስለሆንኩ ነው እኮ የምጠይቅህ። ያን ያህል የሚጎዳ ከሆነማ ከውሃ አናወጣውም ማለት ነው?»

«ለፎቶ ብቻ። ለማስታወሻ።»

«የማን ማስታወሻ? የዓሣው?»

ቴርሞሜትሬን ውሃ ውስጥ ነከርኩ። ሃያ አንድ ዲግሪ። ዳኛው እስከዚያ ድረስ ዛፍ ሦስት ጊዜ፣ ኮፍያዬን ሁለት ጊዜ፣ ጆሮዬን አንድ ጊዜ አጥምደዋል። ዓሣ ግን የለም። ዓይኔ እምቢ እያለኝ ሙዙ ወዳለበት ኪሳቸው ይሄድ ነበር።

ሰባት ሰዓት ተኩል ሲሆን ጨነቀኝ። ዴልበርት ጀልባዬ ላይ ተቀምጦ ሲያወራ ታየኝ። ስለዚህ በስድስት ዓመት ውስጥ ማንንም ደንበኛ ወዳልወሰድኩበት ቦታ ቀዘፍኩ፤ ከወደቀው ግንድ ሥር ወዳለው ጥልቅ ውሃ። እዚያ መንጋጋው ላይ ጠባሳ ያለው አንድ አሮጌ ትራውት ይኖራል። ሽማግሌው እለዋለሁ። በየሳምንቱ ብቻዬን መጥቼ መኖሩን አይቼ እመለሳለሁ፤ ክር ጥዬበት አላውቅም።

«ከግንዱ አጠገብ ይጣሉ።»

«ለም…»

«ይጣሉ!»

ጣሉ። ዝንቧ ዕድሜዋን ሙሉ ስትመኘው የኖረችው ቦታ ላይ አረፈች። ውሃው ተከፈተ።

«አሁን! ዘንጉን ቀና! ቀና ያድርጉ!»

ሃያ ደቂቃ ታገሉ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ አንዲት ጥያቄ አልጠየቁም። በመጨረሻ ሽማግሌው በጎኑ ተኝቶ ከጀልባው ሥር መጣ። ከክንዴ ይረዝማል። ዳኛው ስልካቸውን አውጥተው ለፎቶ ደቀኑ።

«አንሳው! ከፍ አድርገው እንጂ!»

ተንበርክኬ እጄን አራስኩ። ለስምንት አምስት ጉዳይ ነበር። ቴርሞሜትሩ ሃያ ሁለት ይላል። የዓሣው አፍ ቀስ ብሎ ይከፈታል፣ ቀስ ብሎ ይዘጋል። ከፍ ባደርገው ፎቶው ግድግዳው ላይ ነው፤ ጀልባዋም የእኔ ናት።

መንጠቆውን ውሃው ውስጥ እንዳለ በጣቴ ገፋ አደረግሁት። እሾህ የለውምና ወጣ። ዓሣውን እንዲተነፍስ ፊቱን ወደ ወራጁ ውሃ አዙሬ ጭራውን ያዝኩለት። ቆየ። በጣም ቆየ። ከዚያ እጄን በጥፊ ብሎት ወደ ግንዱ ሥር ገባ።

«ለምን?» አሉ ዳኛው።

ቀኑን ሙሉ ሳስረዳ ውዬ ለዚህች አንዲት ጥያቄ አፌ አልከፈት አለ። መቅዘፊያዬን ያዝኩ። እሳቸውም ግንዱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ሙዛቸውን አውጥተው ላጡና እስኪያልቅ ድረስ ቃል ሳይተነፍሱ በሉት።

ሱቁ ውስጥ ማርሊስ እጇን አጣምራ ጠበቀችን። ዴልበርት ከኋላዋ ቆሞ፣ በመስኮቱ ጀልባዬን በዓይኑ እየለካ ነበር።

«እህ፣ ክቡር ዳኛ፣ አስረዳዎት?»

«እስኪሰለቸኝ።»

«ዓሣስ?»

«ከዚህ ሰው ክንድ የሚረዝም ትራውት ያዝኩ። ለከርሞም ከእሱ ጋር ነኝ፤ በዚያችው ጀልባ። መዝግቢልኝ።»

ዴልበርት ከመስኮቱ ዞር አለ። ማርሊስ ፊቷ በራ፤ ለግድግዳው ሚስማር መፈለግ ጀመረች።

«ፎቶውን ያምጡታ!»

«ፎቶ የለም።»

«የለም? ያን የሚያህል ዓሣ ይዘው? ለምን?»

ዳኛ ፔልቲየር ከኪሳቸው የሙዙን ልጣጭ አውጥተው ባንኮኒው ላይ፣ ልክ አፍንጫዋ ሥር፣ አስቀመጡት።

«አላስረዳም» አሉ።