ገንፎ የመሰለው ቃጭል

«ይሄ ቀይ ሙክት ብቻውን ሠልስቱን ይወጣል» አለ እንግዳው፣ የሙክቱን ወገብ ጨብጦ። «ጀርባው ላይ እኮ ፍራሽ አንጥፈህ ትተኛበታለህ!»

ሃይሚ ለለቀስተኛ እጅ የምታስታጥብበት ጆግ ሊያመልጣት ለጥቂት ተረፈ። ድንኳኑን ከፍየሎቹ በረት የሚለየው አንድ ሸራ ነው፤ ነፋሱ ሸራውን ሲገልበው ሙክቱን አየችው። ሙክቱ የሟቹ አልነበረም። የእሷ ነበር።

ሟቹ ደምለው የሸሕዲ በያጅ ነው። በያጅ ማለትም ያንሰዋል። ከጎንደር እስከ መተማ ዮሐንስ ባለው መንገድ የተሰበረ ማረሻ፣ የተገነጠለ ተጎታች፣ የጎበጠ የትራክተር ዲስክ ሁሉ እሱ ደጅ ካልደረሰ አይድንም። ማታ ሲበይድ ብልጭታው ከድንበር ማዶ ያሉትን ዶሮዎች ነጋ ብሎ ያስጮሃቸው ነበር፤ የማያምን ሄዶ ዶሮዎቹን ይጠይቅ። እንዲህ ያለውን ሰው፣ የቆላው ሐሩር ያልደፈረውን ሰው፣ ከጤፍ ፍሬ እምብዛም የማትበልጥ የወባ ትንኝ ጣለችው። ትናንት ቀበሩት።

ታላቅ ወንድሙ እንግዳው ከዳባት ሲደርስ ቀብሩ አምልጦታል። ያመለጠውን በትእዛዝ ሊያካክስ ተነሣ። ድንኳኑን አስነቅሎ እንደገና አስተከለ። ከዚያ ወደ በረቱ ዞሮ፣ «የሐዘን ቤት ነው የሠርግ ቤት? ይሄን መንጫረር ዝም አሰኙልኝ!» ብሎ የፍየሎቹን ቃጭል ከየአንገታቸው አውልቆ ሳፋ ውስጥ ከመረው። የትኛው ፍየል የማን እንደሆነ የሚለየው ያ ቃጭል እንደነበር ማንም አልነገረውም። ከሠራተኞቹ ሌላ የሚያውቀው ደምለው ነበር። የሟች ሚስት አይናዲስ ታውቅ ይሆናል፤ እሷ ግን ከመደቡ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ እንደተኛች ናት፤ ውኃ እንኳ በልመና ነው የምትጎነጭ።

ሃይሚ ጆጉን አስቀመጠችና በደምለው ጋራዥ አብሯት ከሚበይደው ከደረበ አጠገብ ኩርምት አለች።

«ሙክቴን ሊያርዱት ነው» አለችው በሹክሹክታ።

«ዝም በይ በሞቴ» አለ ደረበ ዙሪያውን እየቃኘ። «አፈሩ ሳይደርቅ ውርስ ልትካፈል መጣች ነው የሚሉሽ። ደግሞ በሰውየው እጅ ነው ያለነው። ትናንት የመበየጃውን ማሽን ገዢ ፈልጉልኝ ሲል አልሰማሽም?»

ሰምታለች። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ጋራዡ ከተዘጋ ያንን ሙክት ለገና ሸጣ፣ እናቲቱንም ጨምራ፣ ያገለገለ ማሽን ልትገዛና የራሷን ደጅ ልትከፍት ነበር። ሌላ ምንም የላት። በድንኳኑ ደጅ አንድ ሾፌር «ወንድሜ! የመንገዱ ምሰሶ!» እያለ ሲገባ አብራ አለቀሰች፤ ለየትኛው እንደምታለቅስ ግን ራሷም አላወቀች።

ያኔ ሥራ ስትጀምር ደምለው ያላት ትዝ አላት። ቅዳሜ ደመወዟን ሰጥቶ፣ «ሰውን ቆጥብ እያሉ መስበክ የሰባኪ ሥራ ነው። እኔ ፍየል ነው የማስገዛ» አላት። በየቅዳሜው ጥቂት ታስቀምጣለህ፤ ለፍየል ሲበቃ ገበያ ትወርዳለህ። ወንድ ሴት የለም፣ እሱ ዘንድ ብየዳ የሚለምድ ሁሉ ደንቡ ይኸው ነው። ደምለው በጎረምሳነቱ አብርሃ ጅራ ሰሊጥ አጭዶ፣ የክረምቱን ላብ በአንድ ሰሞን ጠጥቶ፣ አገሩ በባዶ እግሩ ገብቷል። «እናቴ እግሬን አጥባኝ ዝም አለች» ብሏታል። «ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር።»

ተራዋ ደርሶ ገበያ ሲወርዱ እሱ ዳር ቆመ፤ አፉን አልከፈተም። ጀላቢያ የለበሰው ሻጭ «ይህቺ እኮ ገና ልጃገረድ ናት» ብሎ ማለ። ሃይሚ የፍየሏን አፍ ከፍታ ጥርሷን ልታይ አሰበች፤ ሰዉ አፍጥጦ ሲያያት ግን አፈረችና ከፈለች። ቤት ሲደርሱ ደምለው ከፍቶ አየ።

«ይህቺማ ከኖኅ መርከብ የወረደች ናት» አለ። ጥርስ የላትም።

«ለምን ዝም አሉኝ ጋሼ?» ብላ አለቀሰች።

«ብነግርሽ ሁልጊዜ የእኔን ዓይን ትጠብቂ ነበር። አፏን እንዳትከፍቺ ማን ከለከለሽ? ይሉኝታ! ይሉኝታ ኪስ ሲያወልቅ ድምፅ የለውም፣ ልጄ።»

ኪሳራዋን አልሸፈነላትም። ያችኑ አሮጊት ዕድሜዋን ሳትደብቅ ራሷ እንድትሸጣት አደረገ። ብቻ ሁለተኛዋን እስክትገዛ ድረስ ምሳዋን ከቤቱ አስበላት። በሁለተኛው ገበያ ጥርስ ስትመረምር ሻጩ «የጥርስ ሐኪም ነሽ እንዴ?» ብሎ ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። ያቺ ፍየል ናት ቀዩን የወለደችው።

ከዚያ ቃጭል። ከትራክተር ጭስ ማውጫ ቁራጭ፣ ምላሱ የዛገ ብሎን። ሁሉም የራሱን ይበይዳል። የሃይሚ ብየዳ ገና ልምምድ ነበርና እዚህ አብጦ እዚያ ፈሶ ወጣ። «ብየዳ ነው ገንፎ?» አላት ደምለው። አፍርሳ ልትሠራው ስትል ግን ከለከላት። «ይቆይ። ስትበልጪኝ እየሰማሽው ትስቂያለሽ።»

ሸራው እንደገና ተገለበ። እንግዳው ቢላዋ እየሞረደ ነው። ሙክቱን በገመድ ከበረቱ አውጥቶ የድንኳኑ እንጨት ላይ አስሮታል፤ ሙክቱም የሚሆነውን ሳያውቅ የድንኳኑን ገመድ ያኝካል።

ሃይሚ ተነሣች። ደረበ ቀሚሷን ያዘ፤ አስለቀቀችው።

«ጋሼ እንግዳው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይሄ ሙክት የእኔ ነው።»

ድንኳኑ ሙሉ ወደ እሷ ዞረ። ሞባይል የሚነካካው እንኳ ቀና አለ።

«ምን አልሽ አንቺ ልጅ?»

«ከደመወዜ የገዛኋት ፍየል የወለደችው ነው። ጋሼ ደምለው እዚህ አሳድጊው ብለውኝ።»

«ማን ያውቃል ይሄን?»

«እሳቸው ያውቁ ነበር።»

አንዲት ሴት «ምን ዓይነት ጊዜ መጣ!» ብላ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ሃይሚ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ልትመለስ ነበር። ጥርስ የሌላት ፍየል ትዝ አለቻት። ወደ ሳፋው ሄደች፣ ከክምሩ ሥር ዘልቃ አንዱን ቃጭል አወጣች። ደንበኞቿ ሁሉ እዚያው ተቀምጠዋል፤ ዛሬ ለእሷ ብየዳ ወረፋ የሚጠብቁት ሁሉ። ያንን አስቀያሚ ነገር ከፍ አድርጋ ያዘችው።

እንግዳው ዓይኑን አጠበበ። «ይሄንንማ ከዚሁ ከቀዩ አንገት ነው ያወለቅሁት። ወንድሜ ይሄን የመሰለ ጉድ ሠራ ብዬ አፍሬለት፣ ሰው እንዳያየው ከታች ደበቅሁት።»

«እሳቸው አይደሉም የሠሩት» አለች ሃይሚ። «እኔ ነኝ።»

ወደ እሱ ስትዘረጋው ቃጭሉ ጮኸ። እንደ ሌሎቹ አልጠራም፤ ቋ፣ ቋ አለ፣ እንደተሰነጠቀ ጣሳ።

ከቤት ውስጥ ጩኸት ተሰማ። አይናዲስ ነበረች። «ደምለው! የገንፎዋ ሙክት ገባ እኮ! ማታ ማታ ለማን ትላለህ እንግዲህ? ‹የገንፎዋ ሙክት ገባ፣ በሩን ዝጊ› ለማን ትላለህ?» ከትናንት ጀምሮ ተቋጥሮ የቆየው ልቅሶዋ ተፈታ፤ ሴቶቹ ተከትለዋት ተነሡ፤ ድንኳኑ በሙሉ እንደ አዲስ አለቀሰ።

እንግዳው ቢላዋውን ሰገባው ውስጥ ከተተ። ገመዱን ፈትቶ ለሃይሚ ሰጣት፤ ዓይን ዓይኗን ግን አላያትም። «ይባረክልሽ» አለ። «ወንድሜ ምን ምን እንዳስተማራችሁ ቆይተሽ ትነግሪኛለሽ።»

ሃይሚ ሙክቱን ወደ በረቱ መለሰችና ቃጭሉን አንገቱ ላይ አሰረችለት። ሙክቱ ራሱን ነቀነቀ። ቋ።

የሐዘን ቤት ነውና ከጥቁር ሻሿ ጫፍ ቀደደች። ተንበርክካ ጨርቁን በብሎኑ ዙሪያ ጠመጠመችው፣ ደጋግማ፣ አጥብቃ። ሙክቱ እንደገና ራሱን ነቀነቀ።

ቃጭሉ ዝም አለ።