የዓርብ ሽሮ

ዳናዊት ሽሮውን ከከሰሉ ላይ ልታወርድ ስትል እጇ እንደለመደው ወደ ቅቤው ሄደ። አንድ ማንኪያ ሙሉ ጨምራ፣ አማስላ፣ ሽታው ቤቱን ሲሞላው ነው «ውይ!» ያለችው። ዛሬ ዓርብ ነው። መነን ደግሞ ጾመኛ ናት።

ሁሩሙ ከተማ፣ እናቷ ቤት፣ ሽሮ ያለ ቅቤ ከእሳት ወርዶ አያውቅም። ጴንጤዎች ስለሆኑ ረቡዕና ዓርብ ከሌላው ቀን አይለይባቸውም።

መቱ ለማስተማር ከመጣች ወዲህ ዳናዊት ሰው ጋብዛ አታውቅም። ከተማሪዎቿ ፊት ካልሆነ በቀር ድምፅዋም ብዙ አይሰማም። አሁንም የጋበዘችው ሁለት ባልደረቦቿን ብቻ ነው፤ ጂኦግራፊ የምታስተምረውን መነንንና የሒሳብ መምህሩን ሱፊያንን። እሱ ሙስሊም፣ እሷ ኦርቶዶክስ ስለሆኑ ሥጋ እንዳይለያያቸው ብላ ሽሮና ጎመን መረጠች።

ይህን ያህል የተጨነቀችው ያለ ምክንያት አልነበረም። በዐቢይ ጾም አንድ መምህር ሲሸኝ ለሁሉም ጥብስ ቀርቦ፣ መነን አንድ ሳህን ሰላጣ ይዛ ዳር ላይ ለብቻዋ ተቀምጣ ነበር። ዳናዊት ሄዳ አጠገቧ ልትቀመጥ ፈልጋ፣ ሰው ያየኛል ብላ ቀረች። መነን ሰላጣውን እንኳ ሳትጨርስ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ዳናዊት የምትመኘው አንድ ነገር ነው፤ መነን እሷ ቤት መጥታ ከሰው ጋር፣ ከአንድ ትሪ እንድትበላ።

አሁን ሌላ እንዳትሠራ የሽሮ ዱቄቱ አልቋል። ውጭ የግንቦት ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል።

አከራይዋ አዴ ሊቺ የሚያውሷትን ትሪ ይዘው ብቅ አሉ። እሳቸውም የእሷው ጸሎት ቤት አባል ናቸው።

«ምነው ልጄ፣ ሰው ሞተ እንዴ?»

«ለጾመኛ ሽሮ ላይ ቅቤ ጨመርኩ፣ አዴ።»

«እና ጎመኑ በዘይት አይደል? ለእሷ ለብቻ አድርጊላት። ይሄ ምን ያስጨንቃል?»

የሚያስጨንቀውስ ይህችው «ለብቻ» ነበረች። ግን ምን ታድርግ? እንጀራውን ትሪው ላይ ዘረጋች፤ ሽሮውን መሐል፣ ጎመኑን ዳር ዳር አደረገች። ከዚያ በትንሽ ሳህን ጎመን ጨልፋ፣ እንጀራ ጠቅልላ አንደኛው ዱካ ፊት አስቀመጠች።

መነንና ሱፊያን በአንድ ጃንጥላ ተሻምተው፣ ግማሽ ጎናቸው በስብሶ ደረሱ።

«ቲቸር ዳናዊት!» አለ ሱፊያን ገና ከበሩ። «ቤትሽን ያገኘነው በሽሮው ሽታ ነው እኮ!»

ዳናዊት ፈገግ ለማለት ሞከረች። መነን ነጠላዋን አራግፋ ተቀመጠችና ወደ ሳህኗ አየች።

«ይቺ የማን ናት?»

«ያንቺ ናት» አለች ዳናዊት። «ይቅርታ መነን፣ ረስቼ ሽሮው ላይ ቅቤ ጨመርኩበት። ጎመኑ ግን ቅቤ አልነካውም፣ ማማሰያውም ሌላ ነው። እኔም ካንቺ ጋር ከሳህኑ ነው የምበላው።» ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ አለችው።

«እኔስ? ትሪውን ለብቻዬ?» አለ ሱፊያን።

መነን አየችው፤ እሱም አያት፤ ሁለቱም ሳቃቸው አመለጣቸው።

«ዳኒዬ፣ ሃምሳው መቼ አለቀና ነው የምጾመው?»

«የምን ሃምሳ?»

«ከፋሲካ በኋላ ሃምሳ ቀን ረቡዕም ዓርብም አይጾምም! ዐቢይ ጾምን ሙሉ ጎመን ስበላ ከርሜ፣ ዛሬም ጎመን?»

«ይህን እኮ እኔ እንኳ አውቃለሁ» አለ ሱፊያን። «ሰሞኑን ጾም ስለሌለ ዓርብ እንኳ አባቴ ሱቅ እንቁላል እስከ ቀትር አይቆይም። እናንተ ጴንጤዎች ጎረቤታችሁን አታዩም?»

«አንተ ዝም በል፣ ጨንቋት ነው» አለችው መነን። ሳህኗን አንስታ ጎመኑን ትሪው ላይ ገለበጠችውና ባዶዋን ከኋላዋ አስቀመጠቻት። ከዚያ ከመሐሉ ሽሮ አጥቅሳ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለዳናዊት ዘረጋች። «እንኪ። አፍሽን ክፈቺ፣ የምቀልድ እንዳይመስልሽ።»

ዳናዊት ጎረሰች። ከጠዋት ጀምሮ እህል እንዳልቀመሰች ያስታወሰችው ያኔ ነው። መዋጥና መሳቅ ተደባልቆባት ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ሱፊያን «በርበሬው ነው፣ በርበሬው!» ብሎ አዳናት።

ከዚያ በኋላ እጃቸው ከትሪው አልተነሳም። ሁሉም ይበላል። ሱፊያን ወደ መነን በኩል ሲሻገር እጁን በመዳፏ መታ ትመልሰዋለች። ሽሮው ሳያልቅ እንጀራው አለቀ።

ዳናዊት ዝናቡን ከቁብ ሳትቆጥር ሮጣ የአዴ ሊቺን በር ቆረቆረች።

«አዴ፣ እንጀራ አለዎት?»

«ምን ሆንሽ? ልጅቷ እምቢ አለች እንዴ?»

«ኧረ እየበላች ነው!» አለች ዳናዊት፣ ፀጉሯ ውሃ እያንጠባጠበ። «ከትሪው! ከእኛ ጋር!»

«ጋሪዳ!» አሉ አዴ ሊቺ፤ ጥሩ ነው ማለታቸው ነው። የመሶቡንም ክዳን ለማንሳት ጎንበስ አሉ።